የታጠበ ብረት ሁሉ ዝግጁ አይደለም

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የንግግሬ ርዕስ «ቅይጥ ብረትን ለገጽ ማጠንከር ስለማዘጋጀት» ይላል። ይህን አንብቦ ወንበር ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ለኔ ወዳጅ ነው።

በትንሽ ነገር ልጀምር። ይቺ ጠፍጣፋ ብረት ትታያችኋለች? በአልካሊ ማጠቢያ ታጥባ፣ በንጹሕ ውሃ ተለቃልቃ ነው የመጣችው። አሁን ውሃ አፈስባታለሁ። እዩ፣ ውሃው እንደ ስስ ብርጭቆ ሙሉ ገጿን ሸፈነ። የትም ቦታ አልተቋጠረም። እሺ፣ ላድርቃት። ወንድሜ፣ አንተ ፊት የተቀመጥከው፣ እስቲ ና አውራ ጣትህን እዚህ ጥግ ላይ ጫን አድርግልኝ። ተባረክ። አሁን እንደገና ውሃ። ምን ሆነ? ሌላው ቦታ ውሃው እንደተዘረጋ ነው። ጣቱ ያረፈበት ጋ ግን ሸሸ፤ ዳር ዳሩን ጠብታ ሠራ። የልጁ እጅ ቆሻሻ ሆኖ አይደለም። ሁላችንም ጣት ላይ ቅባትና ጨው አለ።

ይህ ሙከራ የሚጠይቀው አንድ ኩባያ ውሃ ብቻ ነው። ውሃው ለ30 ሰከንድ ያህል ሳይቆራረጥ ከቆየ ገጹ ከቅባት ነጻ ነው እንላለን። ልብ በሉ፣ ከቅባት ነጻ ነው አልኩ እንጂ ለማጠንከር ዝግጁ ነው አላልኩም። ንጹሕ መሆንና ክፍት መሆን ይለያያሉ። ዛሬ የማወራው በሙሉ በእነዚህ ሁለቱ መካከል ስላለው ነገር ነው።

አንዳንዶቻችሁ ሙያው ውስጥ ናችሁ፤ ለሌሎቹ ባጭሩ ልናገር። አንድ ማርሽ ጥርሱ ከላይ ጠንካራ ካልሆነ ይበላል። እስከ ውስጡ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ድንገት ሲመታ እንደ ሸክላ ይሰበራል። የምንፈልገው ከላይ ድንጋይ፣ ከውስጥ ጅማት የሆነ ነገር ነው። ስለዚህ ለስላሳውን ብረት ቅርጹን ካስያዝነው በኋላ በገጹ በኩል ካርቦን ወይም ናይትሮጅን እናስገባለን። ካርቦን ማስገባቱ ካርበራይዚንግ፣ ናይትሮጅን ማስገባቱ ናይትራይዲንግ ይባላል። ሁለቱን የሚያዳቅሉ ዘዴዎችም አሉ፤ ዛሬ አልነካቸውም።

ካርበራይዚንግ ከ900 እስከ 950 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይሠራል። ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ካርቦን ያለው ብረት ይገባል፤ ገጹ ወደ 0.8 በመቶ ደርሶ ይወጣል። ከዚያ ዘይት ሲጠጣ፣ ማለትም እንደጋለ ዘይት ውስጥ ሲነከር፣ ገጹ ይጠነክራል፣ ውስጡ ግን ጥንካሬው መካከለኛ ሆኖ ይቀራል። ናይትራይዲንግ ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል፣ ከ500 እስከ 570 ዲግሪ። ጋዙ አሞኒያ ነው። አሞኒያው የጋለው ብረት ላይ ሲደርስ ይፈርሳል፤ ናይትሮጅኑ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ማጠጣት የለም፤ ስለዚህ ዕቃው ብዙም አይጣመምም።

ሁለቱም ግን ያው ናቸው በአንድ ነገር። አቶም በአቶም ነው የሚገባው። ሰልፍ እንደማለት ነው። በ925 ዲግሪ 4 ሰዓት ብታቆዩት ካርቦኑ 1.25 ሚሊ ሜትር ያህል ይገባል። እጥፍ ጥልቀት ብትፈልጉ 8 ሰዓት አይበቃችሁም፣ 16 ነው። ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ሰዓቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ያህል ሰዓት ምድጃ አንድዶ፣ በመጨረሻ በሩ ተዘግቶ እንደነበር ማወቅ ደስ አይልም። በር የምለው የምድጃውን አይደለም፤ የብረቱን ገጽ ነው።

እዚህ ሙያ ውስጥ ስቆይ አንድ ነገር ገብቶኛል። ሙቀቱ በወረደ ቁጥር የዝግጅቱ ሥራ ይጨምራል። በ925 ዲግሪ ምድጃው ራሱ ይምራል። ትንሽ ዘይት ይቃጠላል። ስስ ዝገት ቢኖር ጋዙ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ኦክስጅኑን ነጥቆ ወደ ብረትነት ይመልሰዋል። በ520 ዲግሪ ግን ምሕረቱ ያልቃል። ስቴንለስ ስቲል ላይ በ450 ስትመጡ ደግሞ ምንም ምሕረት የለም። በሩ ከነጭራሹ ዝግ ነው።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን ቴዎፍሎስ በሚል ስም የጻፈ አንድ የእጅ ጥበብ ባለሙያ መነኩሴ ነበር። ሞረድ እንዴት እንደሚጠነክር ይነግረናል። የበሬ ቀንድ ይቃጠላል፣ ይፈቀፈቃል፣ ከጨው ጋር ተደባልቆ ይፈጫል። ሞረዱ እሳት ውስጥ ሲቀላ ይህ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ከዚያ ውሃ ይጠጣል። ቀንዱ ለምን እንደገባ ዛሬ እናውቃለን፤ ካርቦንና ናይትሮጅን አለው። ጨውስ? የኔን ግምት ከጠየቃችሁኝ፣ ጨው ወደ 800 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ገጹን ከአየር ለመሸፈን ሳይረዳ አልቀረም። ግምት ነው ብያለሁ። ግን ያ ሰው ናይትሮጅን የሚባል ነገር ሳይሰማ፣ በልምድ ብቻ፣ ገጹ ላይ ምን እንደሚነሰነስ ማሰቡ ሁሌም ይገርመኛል። እኛ ጋ በ925 ዲግሪ «ይቃጠላል ተወው» የሚል ሰው አይጠፋም።

ይቃጠላል? ዘይቱ አዎ። ሌላው አይቃጠልም። ከመዶሻ ወይም ከማንከባለያ የመጣ ወፍራም ቅርፊት ካለ ቦታ ቦታውን ይሸፍናል። ካርቦን የማንፈልግበትን ቦታ መዳብ ቀብተን እንከላለን፤ መዳብ ካርቦን አያሳልፍማ። እንግዲህ ያው መዳብ ተልጦ ሌላ ቦታ ቢለጠፍስ? እዚያም ካርቦን አያሳልፍም። ልስላሴው ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል፤ ማንም ከየት እንደመጣ አያውቅም። ብረቱ ውስጥ ያለው ክሮሚየም ሲበዛ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የክሮሚየም ኦክሳይድ እንደ ብረት ዝገት በቀላሉ አይነጠቅም። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ፤ የዛሬው ዋና ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ናይትራይዲንግ። እዚህ ላይ አንድ የራሴን ኀጢአት ልናዘዝ።

ወጣት ሆኜ ነው። 12 ዘንጎች ለናይትራይዲንግ መጡልኝ። እንዳይምታቱብኝ ብዬ በነጭ የቀለም ብዕር ከ1 እስከ 12 ቁጥር ጻፍኩባቸው። ከዚያ አጠብኳቸው። ቀለሙ አልለቀቀም፤ «ጥሩ ነው፣ ቁጥሩ ይቆይልኛል» አልኩ። በ520 ዲግሪ ሁለት ቀን ገደማ ቆዩ። ሲወጡ ሁሉም ደስ የሚል ግራጫ ሆነዋል። ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ ጠረግኩት። ጉዱ የታየኝ ያኔ ነው። ሰባተኛው ዘንግ ላይ፣ በግራጫው መካከል፣ የሚያብረቀርቅ 7 ቁጥር ተቀምጧል። ሞረድ አምጥቼ ግራጫው ላይ ሳስኬደው ተንሸራተተ። ሰባቱ ላይ ሳስኬደው ነከሰ። በለስላሳ ብረት 7 ቁጥር ጽፌያለሁ ማለት ነው። ሌሎቹም እንደዚያው፣ እያንዳንዱ ከነቁጥሩ። ቁጥሩ ያረፈው ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነበር።

ነጭ ቀለም ነጭ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በቲታኒየም ኦክሳይድ ነው። ያ ነገር በ520 ዲግሪ የትም አይሄድም። ማሰሪያው ይቃጠላል፣ ዱቄቱ ግን ገጹ ላይ ተጋግሮ ይቀራል። እንዳይጠነክር የምንፈልገውን ቦታ ሆን ብለን የምንቀባው መከለያም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። እኔ ያለ ፈቃዴ መከለያ ቀባሁ። ከዚያ ወዲህ ቁጥር የምጽፈው በሽቦ በታሰረ ቆርቆሮ ላይ ነው።

ስለዚህ ዕቃው ወደናንተ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ነካው?» ነው። ከቶርኖ ከመጣ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነክቶታል። ፈሳሹ ውስጥ ድኝ፣ ክሎሪን፣ አንዳንዴ ቦሮን አለ። ከተወለወለ ሰም ያለው ማወልወያ ነክቶታል። ወደ መጋዘን ገብቶ ከነበረ ዝገት መከላከያ ዘይት አለው። ሲሊኮን ያለው ቅባት ከነካው ደግሞ እኔ በበኩሌ ከሁሉም እሱን እፈራለሁ። ሲሞቅ ወደ ሲሊካ ይለወጣል፤ ሲሊካ ማለት አሸዋ ነው። አሸዋ ናይትሮጅን አያሳልፍም።

ማጠቢያው ራሱስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አልካሊ ማጠቢያ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሞቆ ዘይትን ድራሹን ያጠፋዋል። ግን ብዙዎቹ ማጠቢያዎች ሲሊኬት ወይም ፎስፌት አላቸው። ሳትለቀልቁት ገጹ ላይ ከደረቀ ዘይቱን አውጥታችሁ ብርጭቆ ቀባችሁት ማለት ነው። ስለዚህ ከማጠቢያው እንደወጣ፣ ሳይደርቅ፣ መለቅለቅ አለበት። የመጨረሻው መለቅለቂያ ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ቢሆን ይመረጣል። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ጠርዝ ይተዋል፤ ማሰሮ ውስጥ የምታዩት ዓይነት። አሟሚ ፈሳሽ ደግሞ ዘይትና ግራሶ ላይ ጎበዝ ነው፣ ጨው ላይ ግን አቅም የለውም። ውሃ ጨው ላይ ጎበዝ ነው። ሁለቱም ቆሻሻ ካለ ሁለቱም ማጠቢያ ያስፈልጋል። አቋራጭ የለውም።

ከዚያ ማድረቅ። አንድ ቤት ሄጄ ዕቃው በሚገባ ታጥቦ፣ በሚገባ ተለቃልቆ፣ ውሃው እንደ ብርጭቆ ተዘርግቶ አየሁ። ሙከራውን አለፈ። ከዚያ ልጁ የኮምፕረሰር ቧንቧ አንስቶ እፍ አለበት። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ቧንቧው አፍ ላይ ያዝ አልኩት። ወረቀቱ ላይ ቢጫ የዘይት ነጠብጣብ ታየ። ኮምፕረሰሩ ዘይቱን እየተፋ ነው። ታጥቦ ጭቃ ይሏል ይሄ ነው። የሞቀ ምድጃ ወይም ማጣሪያ ያለው አየር ይሻላል።

አሸዋ በአየር ግፊት ገጹ ላይ የመንፋት ሥራም እንደዚሁ ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ገጹን ይከፍታል፣ ቅርፊት ያነሳል። ግን የምትነፉት የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ትናንት ሌላ የተቀባ ዕቃ ላይ የተነፋ ከሆነ የትናንቱን ቀለም ዛሬ ትቀብሩበታላችሁ። ከተነፋ በኋላም ዱቄቱ ገጹ ላይ ተሰክቶ እንዳይቀር መታጠብ አለበት። ጓንትም አድርጉ። የጎማ ጓንት ከሆነ ዱቄት የሌለው ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምርና ከተራው ብረት ልውጣ። ናይትራይዲንግ ከመጀመሩ በፊት ዕቃውን ከ350 እስከ 400 ዲግሪ ባለው አየር ውስጥ የሚያሞቁ ሰዎች አሉ። ሆን ብለው ስስ ኦክሳይድ ያበቅሉበታል። ስሰማው መጀመሪያ አልገባኝም። ዝገት ስናጠፋ ቆይተን ዝገት እንሥራ? ነገሩ ግን ወዲህ ነው። አንደኛ፣ የቀረው ቅባት ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ ገጹ ላይ እዚህ አንድ ዓይነት እዚያ ሌላ ዓይነት የነበረው ነገር አንድ ወጥ ይሆናል። ይህን ስስ የብረት ኦክሳይድ አሞኒያው ሲመጣ በቀላሉ ይነጥቀዋል፤ የሚቀረው ገጽ ትኩስና ንቁ ነው። በሩን ለመክፈት መጀመሪያ እንደ አዲስ መዝጋት፣ ግን መክፈቻውን እኛ በያዝነው ቁልፍ። ይህ የሚሠራው ዝቅተኛ ቅይጥ ባላቸው ብረቶች ነው። ስቴንለስ ላይ ብትሞክሩት በሩን በምስማር መታችሁት ማለት ነው።

እንግዲህ ስቴንለስ። ውሃችሁን ጠጡ፣ ዋናው እዚህ ነው።

በ1836 ሾንባይን የሚባል ኬሚስት ብረትን ጠንካራ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ነከረ። አሲዱ ብረቱን ይበላዋል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አልበላውም። ብረቱ ዝም አለ። አስተያየት ቢጤ የተለዋወጠው ከእንግሊዛዊው ሳይንቲስት ከፋራዳይ ጋር ነበር፤ ፋራዳይ ገጹ ላይ የማይታይ የኦክሳይድ ሽፋን ሳይኖር አይቀርም ብሎ ጠረጠረ። ዝም ያለውን ብረት ቀጭን አሲድ ውስጥ አድርጋችሁ በሹል ነገር ብትጭሩት ግን ወዲያው መፍላት ይጀምራል። ጭረቱ ሽፋኑን ቀደደዋ። ሾንባይን ይህን ዝምታ «ፓሲቭ» መሆን አለው። ቃሉ እስከ ዛሬ አለ።

ስቴንለስ ስቲል ይህ ሽፋን በራሱ የሚበቅልለት ብረት ነው። ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለው፤ የተለመዱት ወደ 18 በመቶ። ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ይዞ ገጹ ላይ ሽፋን ይሠራል። ውፍረቱ ከ1 እስከ 3 ናኖሜትር ያህል ነው። የሰው ፀጉር 70 ሺህ ናኖሜትር ገደማ መሆኑን አስቡ። ስቴንለስ የማይዝገው በዚህች በማትታይ ቆዳ ነው። የማይጠነክረውም በዚህችው ቆዳ ነው። ኦክስጅን እንዳይገባ የምትከለክል ቆዳ ካርቦንና ናይትሮጅን መርጣ አታስገባም። ሁሉንም ትመልሳለች። ውሃው ላዩ ላይ እንደ ብርጭቆ ቢዘረጋ፣ ከአዲስ መርፌ ቢጸዳ፣ ዝግ ነው።

«ሙቀቱን ጨምሩና ክፈቱት» የሚል ይኖራል። ችግሩ እሱ ጋ ነው። ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ በላይ ሲቆይ የሚገባው ካርቦን ክሮሚየሙን ይይዘውና ካርባይድ ይሆናል። ናይትሮጅን ደግሞ ከዚያም ዝቅ ባለ ሙቀት ያደርገዋል። ክሮሚየሙ ከተያዘ ቆዳ የሚሠራው ማን ነው? ብረቱ ይጠነክራል፣ ግን ይዝጋል። ስቴንለስ ብላችሁ ገዝታችሁ ዝገት ማግኘት። ስለዚህ ክሮሚየሙ ባለበት እንዲቆይ ከ450 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች መሥራት ግድ ነው። በዚያ ሙቀት ካርቦኑ ብረቱ ውስጥ ከቦታው በላይ ተጨናንቆ ይገባል። በአቶም ቁጥር ከ10 በመቶ በላይ ይደርሳል። በተፈጥሮው ያንን ያህል ፈጽሞ አይዝም፤ ሙቀቱ ዝቅ ስላለ ብቻ ክሮሚየሙ ተንቀሳቅሶ ሊይዘው አልቻለም። ለስላሳ ሆኖ ቪከርስ በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ 200 አካባቢ የነበረው ገጽ ከ1000 በላይ ይወጣል። ዝገት የመቋቋም አቅሙም አይቀንስም፤ እንዲያውም በብዙ ሁኔታ ይሻሻላል።

በዚህ ሙቀት ሃይድሮጅን የክሮሚየም ኦክሳይድን አይነጥቅም። ያን የብረት ዝገት የመነጠቅ ቀላል ነገር እርሱት። ሌላም ችግር አለ። ቆዳዋን ብትልጧት አየር ባገኘች ቅጽበት ትመለሳለች። አሲድ ውስጥ ነክሬ፣ አውጥቼ፣ ለቅልቄ፣ ምድጃ እወስዳለሁ ካላችሁ እስክትደርሱ አብቅቷል። ስለዚህ ሁለት አማራጭ ብቻ ነው ያለው። ወይ ቆዳዋን እዚያው ምድጃ ውስጥ ልጦ፣ አየር ሳያይ ወደ ማጠንከሩ ማለፍ። ወይ ልጦ ወዲያው ሌላ የሚያሳልፍ ነገር ማልበስ።

መጀመሪያው መንገድ ላይ በጣም የቆየው ሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ነው። በ300 ዲግሪ አካባቢ ምድጃው ውስጥ ይለቀቃል፤ ኦክሳይዱን ይበላዋል። ይሠራል። ግን ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥበት ካገኘ ምድጃውንም ይበላዋል። አሞኒያ ካገኘ ደግሞ ነጭ ጨው ይሆንና ቀዝቃዛ ቧንቧ ውስጥ ተጋግሮ ይደፍናል። ቧንቧ ፈትታችሁ ነጭ ዱቄት ካገኛችሁ እሱ ነው። አንዳንድ ቤት ጋዙን ከመግዛት የፒቪሲ ፕላስቲክ ቁርጥራጭ ምድጃው ውስጥ ይጥላሉ። ፒቪሲ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ክሎሪን ነው፤ ሲሞቅ ያንኑ ጋዝ ይለቃል። ብልሃት ነው፣ አልክድም። ግን መጠኑን አትቆጣጠሩትም፣ ጥላሸት ይተዋል፣ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ያቃጥላል። እኔ ከዚያ ምድጃ አጠገብ አልቆምም።

ጃፓኖች ያዳበሩት በፍሎሪን ነው። ናይትሮጅን ትራይፍሎራይድ የሚባል ጋዝ ኦክሳይዱን አባርሮ በቦታው ስስ የፍሎራይድ ሽፋን ይተክላል። ደስ የሚለው፣ ይህ ሽፋን ዘበኛ ነው። አየር ቢነካውም ኦክሳይድ እንዳይመለስ ይጠብቃል። ናይትራይዲንጉ ሲጀመር ደግሞ ለሃይድሮጅኑና ለአሞኒያው ቦታውን ይለቃል።

ሁለተኛው መንገድ ኒኬል ነው። የኒኬል ክሎራይድና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅ ውስጥ ብረቱ ይገባል፣ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። አሲዱ ቆዳዋን ይልጣል፤ እዚያው፣ ከፈሳሹ ሳይወጣ፣ ኒኬሉ ይለብሳል። ልጦ ማልበስ በአንድ ገንዳ። ኒኬል ኦክሳይድ ቢሠራም ቀላል ነው፤ ሃይድሮጅን ይነጥቀዋል። ሽፋኑ በጣም ስስ ከሆነ ካርቦኑም ናይትሮጅኑም አልፎት ይገባል። ይህን ዘዴ ታማኝ ስለሆነ እወደዋለሁ፤ በዓይን ይታያል። ችግሩ ጥልቅ ቀዳዳ ነው። ኤሌክትሪኩ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ በደንብ ስለማይደርስ እዚያ ኒኬሉ ይሳሳል ወይም አይደርስም።

ፕላዝማም አለ። አየሩ ተስቦ በወጣበት ገንዳ ውስጥ ትንሽ ሃይድሮጅንና አርጎን ይገባል፣ ብዙ መቶ ቮልት ይለቀቅበታል። ጋዙ ሐምራዊ ሆኖ ያበራል። በመስኮቱ አይታችሁት የማታውቁ ከሆነ ዕድሉ ሲገኝ እዩት፣ በጣም ያምራል። የጋዙ አየኖች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የያዙት ቅንጣቶቹ፣ ገጹን እንደ ጥቃቅን ጥይት ይደበድቡታል፣ ኦክሳይዱን ያነሱታል። ከዚያ ናይትሮጅኑ ሲገባ አየር የሚባል ነገር የለም። ቅርጹ ቀላል ለሆነ ዕቃ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ለረጅም ጠባብ ቱቦ ግን አልመርጠውም። ወይ ብርሃኑ አይገባበትም፣ ወይ ገብቶ እዚያው ይጠናከርና ቦታውን ከልክ በላይ ያግለዋል።

ዘዴው የትኛውም ይሁን፣ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ስቴንለስ ላይ የሚገባው ካርቦን ጥልቀቱ ከ20 እስከ 30 ማይክሮን ነው። የፀጉር ግማሽ አይሞላም። ቶርኖና መፍጫ የሚያበላሹት ገጽም የዚያኑ ያህል ማይክሮን ሊሆን ይችላል። መቁረጫው ሲያልፍ ብረቱን ቆርጦ ብቻ አይሄድም። ይለጥጠዋል፣ ይደፈጥጠዋል፣ ኦክሳይድና ዘይት ውስጡ ያጥፍበታል። መቁረጫው የደነዘ ከሆነ ይብሳል። ይህ የተደፈጠጠ ንብርብር ላይ አሲድም ሆነ ፕላዝማ አንድ ወጥ አይሠራም። እዚህ 30 ማይክሮን ይገባል፣ እዚያ 10፣ አንዳንድ ቦታ ምንም።

መስታወት እስኪመስል የተወለወለ ዕቃ ይዞ የሚመጣ ሰው ያጋጥመኛል። ኮርቶ ነው የሚያስረክበኝ። አይፈረድበትም፣ ብዙ ለፍቶበታል። ግን የእጅ ውልወላ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ያለውን ብረት አልጠረገውም፣ ቀባው እንጂ። ኮረብታውን አፍርሶ ሸለቆውን ሞላበት። ከታች ማወልወያው ተቀብሯል። ስለዚህ ያንን ንብርብር ማንሳት ያስፈልጋል። በኤሌክትሪክ ማወልወል፣ ማለትም ዕቃውን አሲድ ውስጥ አድርጎ በኤሌክትሪክ ከላዩ ጥቂት ማይክሮን ማሟሟት፣ ከሁሉ የተሻለ ነው። መፋቅ እንጂ መደፍጠጥ የለበትም። ልኩ በጣም ጥብቅ ከሆነ ዕቃው ሲሠራ እነዚያ ማይክሮኖች ታስበው በትርፍ መተው አለባቸው። ይህን ለቶርኖ ባለሙያው ዕቃው ካለቀ በኋላ ብትነግሩት ይጣላችኋል፤ ትክክል ነው።

በመጨረሻ እንዴት ነው የሚመረመረው? ከዕቃው ጋር አንድ ቁራጭ ናሙና ይግባ። ቁራጩ ከዚያው ብረት፣ በዚያው ማሽን፣ በዚያው ሰው የተሠራ ይሁን። ሌላ ቦታ ተቆርጦ የተወለወለ ቁራጭ ብታስገቡ ስለራሱ እንጂ ስለ ዕቃው አይመሰክርም። የጥንካሬ መለኪያውንም ምረጡ። ሮክዌል ሲ በ150 ኪሎ ይጫናል፤ 25 ማይክሮን ውፍረት ያለውን ገጽ በስቶ ገብቶ ለስላሳውን ውስጥ ለክቶ ይነግራችኋል። ቁጥሩን አይቶ «አልጠነከረም» ብሎ ደህናውን ዕቃ የጣለ ሰው አውቃለሁ። በጥቂት ግራም ክብደት የሚጫን ማይክሮ ቪከርስ ነው የሚያስፈልገው። ከዚያ ናሙናው ተቆርጦ፣ ተወልውሎ፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ንብርብሩ አንድ ወጥ ሆኖ ከታየ ጥሩ። የተቆራረጠ ከሆነ ችግሩን ምድጃው ላይ ከመፈለጋችሁ በፊት ማጠቢያው ጋ ሂዱ። እኔ ስንት ጊዜ ሙቀት መለኪያ ፈትቼ ገጥሜያለሁ መሰላችሁ፣ ጥፋቱ የመለቅለቂያው ባልዲ ውስጥ ሆኖ ሳለ።

ያ ሰባተኛው ዘንግ ይኸው ጠረጴዛው ላይ አለ። ባለቤቱ አልወሰደውም፤ አዲስ ሠርቼ ሰጠሁት። ከጎኑ ያለው ደግሞ የስቴንለስ ናሙና ነው፤ ግማሹ በኒኬል መንገድ ተዘጋጅቷል፣ ግማሹ ታጥቦ ብቻ ገብቷል። ኒኬሉ በኋላ ስለተነሳ በዓይን አይለዩም። ሞረዱ እዚያው ነው። ኑና ሁለቱንም ጫፍ ሞርዱት፣ የትኛው እንደሚነክስ ራሳችሁ ንገሩኝ። ጓንቱ ሳጥኑ ውስጥ አለ፤ ናሙናውን ነገ ሌላ ሙከራ ላይ ስለምፈልገው በባዶ እጅ አትንኩብኝ።